«ዘራቸው ነው»

ወላይታ ሶዶ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች እግሩ ያበጠ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በጅምላ «ዝሆኔ» ብለን ከምንጠራቸው አንዱ ነው። ትንኝ አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚታመመው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው ነው። መከላከያው ጫማ ነው። ለታመመም ሰው ቢሆን እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ያው ጫማ።

ታዲያ ለተመራማሪ ምን ቀረው? አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። በአንድ አፈር ላይ ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ይተርፋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በተጋላጭነት ላይ ካለው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ በውርስ የሚገለጽ ነው አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ የሰውነት መከላከያን የሚመሩ ጂኖች እጃቸው እንዳለበት በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ለሳይንስ ትልቅ ዜና ነው። ለታማሚው ቤተሰብስ? ጎረቤት እኮ ላብራቶሪ ሳይጠይቅ ድሮ ፈርዶ ጨርሷል፦ «ዘራቸው ነው»። ከዚያ ቤት ጋር መጋባት ይፈራል፤ የጤነኛዋ እህት ዕድልም አብሮ ይዘጋል። አሁን የተማረ ሰው መጥቶ ያንኑ ፍርድ በማህተም ሊያጸናው ነው ማለት ነው? (በአማርኛችን «ዘር» የሚለው ቃል ብቻውን ስንት ነገር እንደሚሸከም አስቡት። እህሉም ዘር፣ ትውልዱም ዘር፣ ፖለቲካውም ዘር። የስምምነት ቅጹ ላይ «የዘር ጥናት» ተብሎ ሲጻፍ ተመራማሪው ስለ ጂን፣ ፈራሚዋ ስለ ልጇ ሠርግ ነው የሚያስቡት።)

እነ ፋሲል ይህን ስጋት ዝም ብለው አላለፉትም። ስለ ፈቃድ አሰጣጡ ራሱ ሕዝቡን፣ ታማሚዎችን፣ የመስክ ሠራተኞችን ጠይቀው ውጤቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የሰሙት ይኸው ነበር፦ ጥናቱ መገለሉን እንዳያብስብን እንፈራለን። ሌላም ነገር ሰሙ፤ ሰው የሚያምነው በአካባቢው ለዓመታት ታማሚ ሲያክም የኖረውን የሞሲ ፉት ማህበርን ነው። ከማህበሩ ሠራተኞች ብዙዎቹ ራሳቸው ታመው የተሻላቸው ናቸው። ታማሚዎችን ጫማ ሥራም ያሰለጥናል፤ ያበጠ እግር ሱቅ ያለው ጫማ ውስጥ አይገባማ።

ዛሬ ፕሮፖዛል ላይ «ከማህበረሰቡ ጋር በጋራ ማጥናት» የማይል የለም። አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ የሚታወቅ ነው፤ ሽማግሌዎች ይጠራሉ፣ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ይፈረማል። ጥያቄው ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ተጽፎ ያለቀ ነው። ወላይታ ላይ የተደረገው ከዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም ሕዝቡ የተጠየቀው እንዴት እንደሚጠና እንጂ ምን ይጠና ተብሎ አይደለም።

«ምን ይጠና» ቢባልስ የሚመልሰው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ማህበረሰብ ስንል ታማሚዋም ልጁን አልድርላትም ያለው ጎረቤቷም አሉበት። በስብሰባ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚናገረው ጎረቤትየው ነው፤ እሷ እግሯን ሸፍና ጥግ ትቀመጣለች፣ ወይም ጭራሽ አትመጣም። የሽማግሌውን ድምፅ የሕዝብ ድምፅ ብሎ መዝግቦ መሄድ አግላዩን የጥናቱ ባለቤት ማድረግ ነው። ስለዚህ እኔ ቅደም ተከተሉ ከእሷ መጀመር አለበት ባይ ነኝ፤ የስብሰባው ቦታና ሰዓት ሳይቀር ለእሷ በሚመች።

ሕዝብን ከሰማን የማይመች እውነት ይቀበራል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ውርሱ እውነት ነው፣ መደበቅም ማታለል ነው። ግን እውነቱ ሁለት ግማሽ አለው። ቆዳቸው ይህን አፈር የማይችል ቤተሰቦች አሉ፤ እነዚያው ቤተሰቦች ልጆቻቸው ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ ካደረጉ ሊድኑ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ተናግሮ ወደ ሆቴሉ የሚመለስ ተመራማሪ አልዋሸም፤ ያቺ እህት ግን ሳትዳር ትቀራለች።

ናሙናቸውን የሰጡት 397 ሰዎች ከጂኑ ውጤት መድኃኒት አላገኙም፤ ምናልባት የልጅ ልጆቻቸው ያገኙ ይሆናል። ይህን ከመፈረማቸው በፊት በግልጽ ቢነገራቸው ስንቶቹ ይፈርሙ ነበር? ብዙዎቹ ይመስለኛል። ግን «መጀመሪያ ለልጄ ጫማ» የምትል እናት ከመካከላቸው ብትነሳ፣ ለእሷ የሚሆን መስመር በጀቱ ውስጥ ሊኖር ይገባ ነበር።