ርካሹን መድኃኒት ማን ይፈትነው?

ክሎሮኪንን ቆላ ያደገ ሰው በምሬቱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመን፣ ባየር ኩባንያ ውስጥ የተሠራ የወባ መድኃኒት ነው። እኛ አገር ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት ዛሬም ይታዘዛል። ርካሽ ነው፤ የፈለገ ፋብሪካ ሁሉ ያመርተዋል።

ሊዮማዮሳርኮማን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ማህፀን፣ ጨጓራና የደም ሥር ውስጥ ካሉት፣ ሳናዛቸው ከሚሠሩት ለስላሳ ጡንቻዎች የሚነሳ ካንሰር ነው። አንዴ ከተሰራጨ ኬሞቴራፒ ብዙውን ጊዜ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለቱን ያገናኛቸው ረሃብ ነው። የካንሰር ሴል ሲራብ ወይም ኬሞ ሲመታው የገዛ አሮጌ ክፍሎቹን እየፈጨ ይሰነብታል። ክሎሮኪንና የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይህን ወፍጮ ያደናቅፋሉ። ተመራማሪዎችም “ስንቁን ብንነጥቀው ሕክምናው ይበረታ ይሆን?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ቤተ ሙከራ ውስጥና በትንንሽ ጥናቶች ተነስቷል፤ ቁርጥ ያለ መልስ ግን የለም።

እኔን የሚከነክነኝ መልስ የጠፋበት ምክንያት ነው። ትልቅ ጥናት ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ገንዘብ ያለው ኩባንያ ደግሞ ትርፍ ያያል። አሜሪካ በ1983 ባወጣችው ሕግ፣ ጥቂት ሰው ለሚይዙ በሽታዎች መድኃኒት ላስፈቀደ ኩባንያ የ7 ዓመት ብቸኛ የገበያ መብት ትሰጣለች። ያው ክኒን ለሌላ በሽታ በየፋርማሲው በርካሽ እየተሸጠ ግን ብቸኝነቱ ምን ይጠቅመዋል?

“ርካሽ ከሆነ ታማሚው ራሱ ለምን አይሞክረውም?” ትሉኝ ይሆናል። ጊዜ የሌለውን ሰው “ጠብቅ” ማለት ይከብዳል፤ እኔም ይከብደኛል። ግን 2020ን አስታውሱ። ዓለም ለኮቪድ ብሎ በዚሁ መድኃኒት ተሻማ፤ የሉፐስ ሕመምተኞች የለመዱትን ክኒን ፍለጋ ተንከራተቱ። መድኃኒቱ የልብ ምት ሊያዛባ፣ ከመጠን ካለፈም ሊገድል ይችላል። በመጨረሻ የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ከ4,700 በላይ ሕሙማንን አነጻጽሮ፣ ሆስፒታል ለተኙት እንደማይጠቅም አሳየ። ያውም በጥቂት ወራት ውስጥ!

ሁላችንም ስንፈራ መልሱ በወራት ተገኘ። የሊዮማዮሳርኮማ ታማሚዎች ጥቂት ስለሆኑ ለእነሱ ጥናት ብዙ አገሮች መተባበር አለባቸው፤ ከባድ ነው። ቢሆንም የሕዝብ ገንዘብ የሚያስፈልገው ገበያው ዞር ብሎ በማያይበት እንዲህ ባለው ቦታ ነው። መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል። አለመሥራቱን ማወቅም ታማሚውን ከከንቱ ተስፋ ያድነዋል።

“ማስረጃ የለም” ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ተፈትኖ ወድቋል፣ ወይ የፈተነው የለም። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ፍርድ ነው። ሁለተኛው የእኛ ምርጫ ነው።