ጀግና የማያስፈልገው ትምህርት ቤት

የቦሊቪያው ተወላጅ መምህር ሃይሜ ኤስካላንቴ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ድሃ ሰፈር በሚገኘው ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። በ1982 18 ተማሪዎቻቸው በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠውን የካልኩለስ ፈተና ወስደው ሁሉም አለፉ። ፈታኙ ድርጅት 14ቱን በኩረጃ ጠረጠረ፤ 12ቱ በድጋሚ ተፈትነው አሁንም አለፉ። ታሪኩ በ1988 «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» የተባለ ፊልም ሆነ። ፊልሙ የሚያበቃው በድሉ ነው።

ትምህርት ቤት ግን በድሉ ማግስትም ይከፈታል። በ1987 ፈተናውን ያለፉት ከ80 በላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት የኤስካላንቴ ደጋፊ የነበሩት ርዕሰ መምህር ሄንሪ ግራዲያስ ለቀቁ፤ በ1991 ኤስካላንቴ ራሳቸው ሄዱ። በ1996 ያለፉት አሥር ያህል ብቻ ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚወስዱት ትምህርት «አንድ ቆራጥ መምህር ተአምር ይሠራል» የሚለውን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በ1996 እዚያው ክፍል የተቀመጠው ልጅ ነው። በ1982 ከተቀመጠችው በምን ያንሳል? የሚለያቸው የተወለዱበት ዓመት ብቻ ነው።

ጀግንነት ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ «ለምን ቀረብኝ?» አይባልበትም። ትምህርት ግን ለልጅ የሚከፈል ዕዳ ነው። ዕዳውን ስጦታ ብለን ከጠራነው፣ ሰጪው ሲሄድ ተጠያቂው ይጠፋል። ጀግናውን እያደነቅን ከመክፈል እናመልጣለን።

በሀብታም ሰፈር ጎበዝ መምህር ሲለቅ ወላጅ ያዝናል እንጂ ትምህርት ቤቱ አይወድቅም። እዚያ ተራ መምህር በተራ ቀን ጥሩ እንዲያስተምር ሁሉ ነገር ተመቻችቶለታል። ጀግንነትን ከድሃ ልጅ መምህር ብቻ መጠበቅ ራሱ አድልዎ ነው።

«ተሰጥኦ እንዴት ይወረሳል?» የሚል ይኖራል። ተሰጥኦስ አይወረስም። ጋርፊልድን ያቆመው ግን ተሰጥኦ ብቻ አልነበረም። ከታች ክፍል ጀምሮ ሒሳብን የሚያጠናክሩ ባልደረቦች፣ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ኮሌጅ በዕረፍት ወራት የሚሰጥ ትምህርት፣ ከኋላ የሚቆም ርዕሰ መምህር ነበሩ። እነዚህ በጀት፣ ሰዓትና ተተኪ ከተመደበላቸው ይወረሳሉ። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ሲሉ ብርቱውን መናቃቸው አልነበረም።

ነገሩ በውጭ አገር የምንኖረውንም ይመለከታል። ለአገር ቤት ትምህርት ቤት ስናዋጣ ሪባኑ የሚቆረጥበትን ቀን አስቀድመን እናውቃለን። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያ ክፍል ማን እንደሚያስተምርና ደመወዙን ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ያለብን ግን ገንዘቡን ከማዋጣታችን በፊት ነው።