«ልቤ ያውቀዋል» ማለት ይበቃልን?

በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «እግዚአብሔር መኖሩን በምን ያውቃሉ?» ይላል። መምህሩም ለልቡ የሚቀርበውን መልስ በመስጠት፣ «በጸሎት አግኝቼዋለሁ፤ በመከራዬ ደርሶልኛል፤ ልቤ ያውቀዋል» ይለዋል። ተማሪው ግን በዚህ አይረካም። «ይህ የራስዎ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ በምን ያረጋግጣሉ? የሌላ እምነት ተከታይስ እንዲሁ ቢለኝ ማንን ልመን?» ብሎ ይመልሳል።

ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት ቆጥሮ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ነገሩ የሚመለከተውም ተጠራጣሪውን ብቻ አይደለም። እምነቱን በሙሉ በስሜቱ ላይ የመሠረተ ምእመን፣ ስሜቱ የቀዘቀዘ ዕለት እግዚአብሔርም የራቀው፣ እንዲያውም ከቶ ያልነበረ ይመስለዋል። ስለሆነም መንፈሳዊ ገጠመኝ ስለ እግዚአብሔር መኖር ምን ያህል እንደሚመሰክርና ምን ያህል እንደማይመሰክር ለይቶ ማወቅ ለመምህሩም ለተማሪውም ይጠቅማል።

በሬዲዮ የተደረገ ክርክር

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1948 ዓ.ም. ሁለት እንግሊዛውያን ፈላስፎች በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ እግዚአብሔር መኖር ተከራክረው ነበር። አንደኛው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት ካህን አባ ፍሬደሪክ ኮፕልስተን ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ከዘመኑ ታላላቅ የሎጂክ ሊቃውንት አንዱ የነበሩት በርትራንድ ራስል ናቸው። ራስል «እግዚአብሔር የለም» ብለው ማስረዳት እንደማይችሉ በግልጽ ተናግረው፣ አቋማቸው «አግኖስቲክ» መሆኑን አስታወቁ። ይህ ቃል ቶማስ ሀክስሊ የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. የፈጠረው ሲሆን፣ የእግዚአብሔርን መኖርም ሆነ አለመኖር በእርግጥ ማወቅ አይቻልም የሚለውን ሰው የሚያመለክት ነው።

ከተከራከሩባቸው ነጥቦች አንዱ መንፈሳዊ ገጠመኝ ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ አባ ኮፕልስተን የተናገሩት ለእኛ ትምህርት ሊሆነን ይገባል። የቅዱሳን የጸሎት ሕይወት የእግዚአብሔርን መኖር በጥብቅ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነው አላሉም፤ ለዚያ ሕይወት ከሁሉ የተሻለው ማብራሪያ የእግዚአብሔር መኖር ነው ብቻ አሉ።

ራስል ሦስት መቃወሚያ አቀረቡ። አንደኛ፣ በአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ሰዎች ሁሉ በዚያ ያለውን ሰዓት ያያሉ፤ ሁሉም ስለሚያዩትም ሕልም አለመሆኑን ያውቃሉ፤ መንፈሳዊ ገጠመኝ ግን የግል ነው አሉ። ሁለተኛ፣ ሰይጣን በልባቸው እንደ ተናገራቸው የሚናገሩ ሰዎችም አሉ፤ የአንዱን ተቀብለን የሌላውን ለምን እንጥላለን? አሉ። ሦስተኛ፣ አንድ ወጣት የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ አንብቦ ጠባዩ ሊታረም ይችላል፤ ያ ታላቅ ሰው ግን ከቶ ያልነበረ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መልካም ፍሬ ማፍራት የእውነተኛነት ማረጋገጫ አይሆንም አሉ።

መቃወሚያዎቹን እንመርምር

የመጀመሪያው መቃወሚያ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ከልኩ በላይ ሊወሰድ አይገባም። ሁሉም የሚያየው ነገር ብቻ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ የአንድ ሕመምተኛ ሥቃይ፣ የአንድ ሰው የኅሊና ወቀሳ፣ የእናት ፍቅር እውነት ባልሆኑም ነበር። ሰውን የምናውቅበት መንገድ ሰዓትን ከምናይበት መንገድ ይለያል። ሰዓት ለቆመ ሁሉ ይታያል፤ ሰው ግን ልቡን የሚገልጠው ለሚቀርበውና ለሚያምነው ነው። እግዚአብሔርም አካላዊ ከሆነ፣ ማለትም የሚያውቅና የሚወድ ከሆነ፣ እርሱን ማወቅ ሰዓት እንደ ማየት ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ይህ ግን የሚያሳየው ገጠመኙ የግል መሆኑ ብቻውን ሐሰት እንደማያደርገው ነው እንጂ፣ እውነት መሆኑን አይደለም።

በሁለተኛው መቃወሚያ ረገድ ቤተ ክርስቲያን ራስልን ቀድማለች። ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምእመናን መንፈስን ሁሉ እንዳያምኑ፣ ይልቁንም እንዲመረምሩ አዝዟል። ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል ራእይንና ድምፅን መሻት አደገኛ መሆኑን አጥብቆ አስተምሯል። ቤርናዴት የተባለችው ልጃገረድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1858 ዓ.ም. በሉርድ ዋሻ ያየችውን በተናገረች ጊዜ፣ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ወዲያው አልተቀበሏትም፤ አጣሪ ጉባኤ አቁመው ጉዳዩን አስመረመሩና ፍርዳቸውን የሰጡት በጥር 1862 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ራእይ ከጸደቀ በኋላም ቢሆን የእምነት መዝገብ አካል አይሆንም። እንግዲህ «ልቤ ነገረኝ» የሚል ቃል ምርመራ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ የተጠራጣሪዎች ብቻ አይደለም።

ሦስተኛውን መቃወሚያ በቅን ልቡና መቀበል ይገባናል። «ሃይማኖት ጥሩ ነው፤ ሰውን ከመጠጥና ከጠብ ይመልሳል» እያልን የምናስተምር ከሆነ፣ እያስረዳን ያለነው ሃይማኖት ጠቃሚ መሆኑን ነው እንጂ እውነት መሆኑን አይደለም። ወጣቱ ተማሪ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ እኛ ስንዘነጋው ደግሞ ይታዘበናል።

የምስክርነት ሚዛን

ታዲያ የመንፈሳዊ ገጠመኝ ድርሻ ምንድን ነው? ድርሻው የምስክር ነው። ዳኛ ምስክርን የሚመዝነው እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። ሰውየው እውነተኛ ነውን? ከተናገረው የሚያገኘው ጥቅም አለን? ቃሉ ከሌሎች ምስክሮች ቃል ጋር ይስማማልን? ዘመን ሲያልፍና መከራ ሲመጣ ይጸናልን? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ የመንፈሳዊ ገጠመኝም ጥራት የሚታየው እያደር ነው።

ምስክሩም ብቻውን አይቆምም። የቫቲካን አንደኛ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1870 ዓ.ም. ሰው ከተፈጠሩት ነገሮች ተነሥቶ በአእምሮው ብርሃን ፈጣሪውን በእርግጥ ሊያውቅ እንደሚችል አስተምሯል። በዚያው ዓመት ጆን ሄንሪ ኒውማን፣ ኋላም ካርዲናል የሆኑትና እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የቅድስና ማዕረግ የተሰጣቸው፣ ሰው በኑሮው እርግጠኝነት የሚያገኘው ከአንድ ማስረጃ ብቻ ሳይሆን፣ ለየብቻቸው ደካማ የሚመስሉ ብዙ ምልክቶች ወደ አንድ ነገር ሲያመለክቱ መሆኑን በመጽሐፋቸው አብራሩ። አባቶቻችንም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። የፍጥረት ሥርዓት፣ የኅሊና ድምፅ፣ የሐዋርያት የትንሣኤ ምስክርነት፣ የቅዱሳን ሕይወትና የራሳችን ጸሎት አንድ ላይ ሲገመዱ ጽኑ ገመድ ይሆናሉ።

የተማሪው ሁለተኛ ጥያቄም መልሱን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። የሌላ እምነት ተከታይ በጸሎቱ መጽናናትን ቢያገኝ ሐሰተኛ ልንለው አይገባም፤ የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. እንዳስተማረው፣ ቤተ ክርስቲያን በሌሎች ሃይማኖቶች የሚገኘውን እውነትና ቅዱስ ነገር አትንቅም። ይሁን እንጂ ትምህርትና ትምህርት ሲለያዩ፣ የስሜት ጥንካሬ ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይችልም። ክርስቶስ በእርግጥ ተነሥቷልን? የሚለው ጥያቄ በስሜት የሚፈታ ሳይሆን፣ ያዩት ሰዎች ያስተላለፉልንን ምስክርነት በመመርመር የሚቀርብ ነው።

ስሜት ሲጠፋ

እዚህ ላይ የእማሆይ ቴሬዛን ሕይወት ማስታወስ ይገባል። እኅቶቻቸው ዛሬም በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ሕሙማንንና ረዳት ያጡትን ያስታምማሉ። እማሆይ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1946 ዓ.ም. ወደ ዳርጂሊንግ በሚሄድ ባቡር ውስጥ ሳሉ፣ ከድኾች ሁሉ ድኾች የሆኑትን እንዲያገለግሉ የክርስቶስን ጥሪ ሰሙ። ኮፕልስተንና ራስል በተከራከሩበት በ1948 ዓ.ም. ገዳማቸውን ትተው ወደ ካልካታ መንደሮች ወጡ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ያ ድምፅና ያ ጣዕም ጠፋ። ከጥቂት ጊዜ ዕረፍት በቀር፣ ለአምሳ ዓመት ያህል በውስጣቸው ጨለማ እንጂ ሌላ እንዳልተሰማቸው፣ ካረፉ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2007 ዓ.ም. የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ገለጡ።

በዚያን ጊዜ አንዳንዶች «ለካ ሳያምኑ ኖረዋል» አሉ። ነገር ግን ደብዳቤዎቹን የጻፈችው ነፍስ ስለ ጨለማዋ የምታለቅሰው ለራሱ ለኢየሱስ ነው፤ በየማለዳውም ተነሥታ የሟቾችን ቁስል ታጥባለች። እምነታቸው ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከስሜቱ ጋር በሞተ ነበር። እርግጥ ነው፤ ራስል ይህንም ቢሰሙ «ጽናት የጠባይ ብርታት እንጂ የእግዚአብሔር ማረጋገጫ አይደለም» ማለት ይችሉ ነበር። እኛም ማንንም አናስገድድም። ይሁን እንጂ ምንም ጣዕም ሳታገኝ በምሥክርነቷ ለአምሳ ዓመት የጸናች ነፍስ፣ በደስታዋ ሰዓት ብቻ ከምትናገር ነፍስ ይልቅ በሚዛን ላይ እንደምትከብድ ማንም ፍትሐዊ ዳኛ አይክድም።

ለመምህራን የሚሆን ምክር

እንግዲህ ተማሪው «አላውቅም» ሲል አንሣቅበት፤ አንቆጣውም። ቅዱስ ቶማስ ሐዋርያ ካላየሁ አላምንም ባለ ጊዜ ጌታ ቍስሉን አሳየው እንጂ ከማኅበሩ አላስወጣውም። ግን ደግሞ አንድ ነገር በፍቅር እንንገረው፤ ሰው ሐሳቡን «አላውቅም» ብሎ ሊያቆየው ይችላል፤ ኑሮውን ግን ማቆየት አይችልም። ነገ ጠዋት ይጸልያል ወይም አይጸልይም፤ የተበደለውን ይቅር ይላል ወይም አይልም። መፈለግ ያቆመ «አላውቅም» ሳይታወቀው መልስ ይሆንበታል፤ የሚፈልግ «አላውቅም» ግን የመንገድ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ሕፃናትንም በጸሎት ጊዜ ያልተሰማቸውን ስሜት እንዲናገሩ አንገፋፋ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ምክንያት ለሚጠይቀን ሁሉ በትሕትና እንድንመልስ አዝዞናል፤ ስለዚህ የእምነታችንን ምክንያት እናጥና። የራሳችንንም ገጠመኝ ስንናገር፣ እንደ ዳኛ ሳይሆን ሊመረመር ፈቃደኛ እንደሆነ ምስክር እንናገር። «ልቤ ያውቀዋል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ልቡ ያወቀውን በኑሮው የሚያጸና ሰው ሲናገረው ግን፣ ሰሚው በቀላሉ ሊያልፈው የማይችለው ቃል ይሆናል።

የምንፈልገውን ቀድሞ የፈለገን አምላክ፣ በብርሃንም በጨለማም በእርሱ እንድንጸና ጸጋውን ይስጠን። አሜን።