ስለ ውለታና ስለ ስም

አንድ ወጣት በሌላ ሰው ጥላ ሥር ሆኖ መልካም ሥራ ቢሠራና የሥራው ምስጋና ለጥላው ባለቤት ቢሰጥ፣ ያ ምስጋና በእውነት የማን ነው? ወጣቱስ ዝም ቢል ዝምታው ትሕትና ነው ወይስ ፍርሃት? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እናንተም ወጣት አንባቢዎቼ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየሙያው ከታላላቆች እጅ በታች ገብታችሁ መሥራታችሁ አይቀርምና ጥያቄው የእናንተም ነው። ነገር ግን ነገሩን በባዶው ከማውጣትና ከማውረድ ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አድርጎ መመርመር ይሻላል። ለዚህ የመረጥሁት ሰው በደቡብ ሕንድ በታሚል ቋንቋ ለሚሠሩ ፊልሞች ዜማ በመድረስ ስሙ የገነነው ኤም. ኤስ. ቪስዋናታን ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቪስዋናታን በ1928 ዓ.ም. ዛሬ የኬራላ ግዛት በሆነው በፓላካድ አውራጃ፣ ኤላፑሊ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱም ድኽነቱና ኀዘኑ ቢበረታባት ልጇን ይዛ ውሃ ገብታ ለመሞት ቆርጣ እንደ ነበረና አያቱ ደርሶ እንዳዳናቸው፣ እርሱ ራሱ በኋለኛው ዘመን ተናግሯል። ከዚያ ወዲያ በአያቱ ዘንድ አደገ። በሲኒማ ቤት ለተመልካቾች የሚበላ ነገር እያዞረ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ኒላካንታ ባጋቫታር ከሚባል መምህር ዜማ ተማረና በ13 ዓመቱ በትሪቫንድረም ከተማ ከሕዝብ ፊት ቆሞ ለመዝፈን በቃ። ተዋናይም ዘፋኝም ለመሆን ተመኝቶ ነበር፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ በኮይምባቶር ከተማ ወደሚገኝ የፊልም ስቱዲዮ በተላላኪነት ገባ። በዚያም ኤስ. ኤም. ሱባያ ናይዱ የሚባለው የዜማ ደራሲ ረዳት ሆነ።

ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ናይዱ አቢማንዩ ለተባለው በ1948 ዓ.ም. ለወጣው ፊልም ዜማ ሲያዘጋጅ፣ ለአንዱ ዘፈን የሚስማማ ዜማ አጣ። ወጣቱ ረዳት ግን ለብቻው ሃርሞኒየሙን እየነካ አንድ ዜማ አገኘ፤ መምህሩም ሰማው፤ ወደደው፤ ለፊልሙ ባለቤቶችም አቀረበው። ያቀረበው ግን በራሱ ስም ነበር። ዘፈኑ ተወደደ፤ ምስጋናውም ለናይዱ ሆነ። ቪስዋናታን ይህን የተረከው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሲተርከውም እንደ በደል አድርጎ አልነበረም።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ናይዱ ሌባ ነው» ይል ይሆናል። ሌላው ደግሞ «ልጁን ያስጠጋው ማን ነው? ሃርሞኒየሙስ የማን ነው? ጆሮውን ያቀናለት ማን ነው? ፍሬው የዛፉ ባለቤት ነው» ብሎ ይከራከራል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። የመጀመሪያው ሰው፣ ወጣቱ ብቻውን ሆኖ ዜማውን ከአየር ላይ እንዳልቀዳው ይረሳል። ሁለተኛውም ሰው አስተማሪ ለተማሪው እውቀት መስጠቱ የተማሪውን ሥራ ለመውሰድ መብት እንደማይሰጠው ይረሳል። አባት ልጁን ስላሳደገ የልጁን የጉልበት ዋጋ ዕድሜ ልክ ይቀበል ዘንድ ፍርድ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ የታወቀ ሰው ስም ከሌለበት በቀር የተላላኪን ዜማ የሚሰማ ባለገንዘብ በዚያ ዘመን ይገኝ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። እንግዲህ የናይዱ ስም ለዜማው እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ሆኖታል። ጥያቄው ድልድዩ ሰውየውን ያሻግረዋል ወይስ ሥራውን ብቻ አሻግሮ ሰውየውን ከወዲያ ማዶ ያስቀረዋል የሚል ነው።

ለዚህ መልስ የሰጠው ናይዱ ራሱ ነው። የፊልሙ ኩባንያ፣ ጁፒተር ይባል የነበረው፣ ሥራውን ጠቅልሎ ዛሬ ቼናይ ወደምትባለው ወደ ማድራስ በሄደ ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ናይዱም ከተሰናባቾቹ አንዱ ነበረ። በዚያን ጊዜ ወደ ኩባንያው ባለቤት ቀርቦ፣ በእኔ ስም ያመሰገናችሁት ዜማ የዚህ ልጅ ነውና ወደ ማድራስ ይዛችሁት ሂዱ ብሎ መሰከረ። ልብ አድርጉ። ናይዱ ሥራ በሚያጣበት ሰዓት፣ ስሙ ከምንጊዜውም ይልቅ በሚያስፈልገው ጊዜ፣ ከገዛ ስሙ ላይ ቆርሶ ለወጣቱ ሰጠ። ባይናገር ኖሮ የሚጠይቀው አልነበረም።

ቪስዋናታንም ይህን አልረሳም። ከፍ ባለ ጊዜ የቀድሞ መምህሩን በእርጅናው ጦረው፤ ናይዱ በ1979 ዓ.ም. ሲሞትም እንደ ወለደው ልጅ ሆኖ የመጨረሻውን የቀብር ሥርዓት ፈጸመለት። በሂንዱዎች ልማድ ይህ የልጅ ሥራ ነው፤ ለሩቅ ሰው የሚሰጥ አይደለም።

ስም ግን ከመምህርና ከተማሪ መካከል ብቻ ሳይሆን ከባልንጀሮችም መካከል ይገባል። ቪስዋናታን ማድራስ ከደረሰ በኋላ ሲ. አር. ሱቡራማን የሚባለው የዜማ ደራሲ ረዳት ሆነ። በዚያ ቲ. ኬ. ራማሙርቲ የሚባል በስድስት ዓመት የሚበልጠው ስመ ጥር ቫዮሊን መቺ አገኘ። ሱቡራማን በ1952 ዓ.ም. ባልታሰበ ጊዜ ሲሞት የጀመራቸው ፊልሞች በእንጥልጥል ቀሩ፤ ሁለቱ ረዳቶች ተባብረው ፈጸሙለት። በዚያው ዓመት ኤን. ኤስ. ክሪሽናን የሚባለው ዝነኛ የቀልድ ተዋናይ ፓናም የተባለውን ፊልም ሲያዘጋጅ ሁለቱን አጣምሮ ቀጠራቸውና የታናሹን ስም አስቀደመ። ታላቁ ቅር ቢለው፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ደጋፊው ነህ ብሎ እንዳሳመነው ይነገራል። ከዚያ ወዲህ «ቪስዋናታን ራማሙርቲ» ተብለው 13 ዓመት አብረው ሠሩ። በ1963 ዓ.ም. በማድራስ «የቀላል ሙዚቃ ነገሥታት» የሚል ማዕረግ በጋራ ተሰጣቸው። በ1965 ዓ.ም. ግን ተለያዩ። እንደገና ለአንድ ፊልም አብረው ዜማ የደረሱት ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. የታሚል ናዱ መንግሥት ሁለቱን ሽማግሎች በአንድ መድረክ አቁሞ ለእያንዳንዳቸው 60 የወርቅ ሳንቲምና አንዳንድ መኪና ሸለማቸው። ራማሙርቲ በ2013፣ ቪስዋናታን በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ።

እኔ በመለያየታቸው ላይ ዳኛ ለመሆን አልነሣም። አንድ ነገር ግን ያስገርመኛል። በእነዚያ 13 ዓመታት የወጡትን ዘፈኖች የሚሰማ ሰው የትኛው ሐረግ የታላቁ፣ የትኛው የታናሹ እንደሆነ ለይቶ ሊናገር አይችልም። የታሚል ናዱ መንግሥት በሥነ ሥርዓቶቹ መክፈቻ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስዘምረው የታሚል እናት ውዳሴ ዜማም የቪስዋናታን ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ቆመው የሚዘምሩት ሕፃናት ግን የዜማውን ደራሲ ስም አይጠይቁም። ከዚህ የተነሣ «ሥራው ከተወደደ ስሙ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አነጋገሩ ያምራል፤ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ግን ስማቸው አስቀድሞ የታወቀላቸው ሰዎች ናቸው። ሥራ ስም ባይፈልግም ሠሪው ይፈልጋል፤ ሠሪው እንጀራ የሚበላው በስሙ ነውና።

እንግዲህ እኔ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው። ከታላቅና ከታናሽ መካከል ያለው ዕዳ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ታላቁ የታናሹን ስም የመመለስ ዕዳ አለበት፤ ታናሹም የታላቁን ውለታ የመመለስ ዕዳ አለበት። እያንዳንዱ የራሱን መክፈል እንጂ የሌላውን ዕዳ ማካካሻ ማድረግ አይገባውም። «ውለታ ውዬልሃለሁና ስምህን ተውልኝ» የሚል ታላቅ፣ ውለታውን ወደ ግብር ለወጠው። «ስሜን ወስዶብኛልና ያስተማረኝን አላውቅለትም» የሚል ታናሽም፣ በተበደለበት ምክንያት ሁለተኛ በደል ጨመረ።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ከሰው እጅ በታች ሳለህ ለትንሹ ምስጋና ሁሉ አትጣላ፤ ሙያውን ቅሰም። ነገር ግን ስለ ሥራህ ብትጠየቅ እውነቱን ተናገር፤ መምህርን ማክበር ስለ መምህር መዋሸት አይደለም። ስምህን ፈጽሞ የማይመልስልህ ጌታ ቢገጥምህም ያስተማረህን አመስግነህ ከእርሱ ተለይ፤ ውለታ የእግር ብረት አይደለምና። አንተም በተራህ ታላቅ ስትሆን የናይዱን ሰዓት አስታውስ። እርሱ የመሰከረው ወጣቱ ስም በሌለውና ሥራ በሚፈልግበት ጊዜ ነበር። ቪስዋናታን ዝነኛ ከሆነ በኋላ ቢናገርለት ኖሮ፣ ያው እውነት ወሬ ይሆን ነበር እንጂ ለማንም እንጀራ አይሆንም ነበር።