ማቋረጥ ሽንፈት ነው?

«ወንድ ልጅ ጀምሮ አያቋርጥም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጂም ውስጥም ያው ነው፤ ጉልበቱን እያመመው ክብደት የሚጨምረው ጎረምሳ ይጨበጨብለታል።

እኔ ግን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር አበበ ቢቂላ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ወርቁን ደገመው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን አሞት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ፤ ድሉ የማሞ ወልዴ ሆነ። ታዲያ አበበ ያን ቀን ወኔ አጣ ልንል ነው? ልቡ ያው ነበር፤ እምቢ ያለው እግሩ ነው። ጽናትን በመጨረሻው መስመር ብቻ ከለካን፣ የምንለካው ጤናን እንጂ ጽናትን አይደለም።

«እንዲህ ከተባለማ ሰነፍ ሁሉ ሰበብ አገኘ» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ነገር ግን የሰነፍና የጽኑ ልዩነት ባቋረጡበት ዕለት አይታይም፤ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ1969 የመኪና አደጋ አበበን ከወገቡ በታች ሽባ አደረገው። በዓመቱ እንግሊዝ አገር፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እዚያ ወርቅም፣ ክብረ ወሰንም አልጠበቀውም። ለእኔ ግን ከቶኪዮው የማያንስ ወንድነት ነው።