አክራሪነት ሕመም ነውን?

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወንድሞቻችን በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው በአይሲስ እጅ መታረዳቸውን ስንሰማ፣ እኛም እዚህ ሽንዲ «እብዶች ናቸው» ብለን ነበር። ግን አእምሮው የታመመ ሰው ምን በደለ? እርሱ ጸበልም ሐኪምም የሚሻ ወንድማችን ነው። ገዳዮቹ ግን አቅደው፣ ተዘጋጅተው፣ በካሜራ ቀርጸው ነው ያደረጉት። እብድ ካልናቸው ከኃጢአታቸው ነጻ አወጣናቸው፤ በሽተኛውንም ሰደብነው።

ሳውልን ተመልከቱ። በእስጢፋኖስ መገደል ሲስማማ አእምሮው ጤነኛ ነበር፤ የታመመው ፍቅር ያጣው ቅንዓቱ ነው። የጌታ ጥሪና ንስሐ መለሱት። ወንጌል ሲሰብክ ግን ፊስጦስ እብድ አለው (ሐዋ. 26፥24)።

እኛስ? ጾመናል ብለን ያልጾመውን ከናቅን፣ ሙስሊም ጎረቤታችንን ከጠላን፣ ምን ምክንያት አለን? ከሥጋና ከወተት እንደምንጾም ከጥላቻም እንጹም።