የአትክልት መኮሮኒና የኅሊና ጾም

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚያቀናው ጎዳና ላይ በምትገኘው በደራ፣ አንዲት እመቤት በዐቢይ ጾም መኮሮኒውን በአይብ ፈንታ ተቀቅሎ በተፈጨ ዱባ፣ ካሮትና ድንች፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት አለስልሳ ብታቀርብ፣ ሥጋን የሚያጸናው ይህ ማዕድ የጾምን ምሥጢር ያጎድላልን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ ፈቃደ ሥጋ ለነፍስ እንዲገዛ ያስተምራል፤ ዳንኤልም በባቢሎን የንጉሡን መብልና ወይን ጠጅ ትቶ 10 ቀን በጥራጥሬና በውኃ ሲፈተን ፊቱ አምሮ ተገኝቷልና፣ ጤናና ተጋድሎ አይጣሉም። እንግዲህ የአይብን መልክ የያዘ አትክልት በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ልብ የፍስኩን ጣዕም ሲመኝ ከዋለ፣ አፍ የተወውን ኅሊና ይበላዋል። ስለዚህ ማዕዱ ይጣፍጥ፣ ገላም ይጽና፤ ከአይቡ የተረፈው ገንዘብ ግን ለነዳያን ይድረስ፤ ያለ ምጽዋት ጾም ፍሬ የለውምና።